የወታደር ልጅ በትምህርት ቤት ደጅ

ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ በምንጽፍበት በዚህ ዓምድ ከዚህ ቀደም ስለ ጋብቻ ውልና ስለ ሞግዚት አመራረጥ አንሥተን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከሁለቱም ጋር የሚነካካውን፥ ነገር ግን ራሱን ችሎ እምብዛም የማይነገርለትን፥ የወታደርን ልጅ የትምህርት ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደናል። የምንናገረውም ይልቁንም ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል ነው፤ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን የዚያን አገር ባለጉዳዮች አቤቱታ ስንቀበል ብዙ ዓመት ሆኖናልና። ደግሞም ይህ አገር ወታደር የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን ጦር የሚያልፍበት መንገድ ስለ ሆነ፥ ነገሩ እዚህ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ተገልጦ ይታያል።

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሐይቅ ከተማን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። በዚሁ በውጫሌ፥ በአምባሰል ምድር፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተፈረመ፤ ያም ውል በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ተናግሮ ወደ ዓድዋ እንዳደረሰን የማያውቅ የለም። በ1888 ዓ.ም. የወሎ ሰው ከራስ ሚካኤል ጋር ወደ ዓድዋ ዘመተ፤ በ1909 ዓ.ም. ወደ ሰገሌ ዘመተ፤ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ማይጨው። በእኛም ዘመን፥ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በውጫሌና በሐይቅ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምም፥ ዓመት ሳይሞላ በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ደጃቸውን ዘጉ። ይህን የምንቈጥረው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። በያንዳንዱ ዘመቻ ኋላ የቀረ ሕፃን አለ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች የዘማቹን ቍጥር ሲጽፉ አንብበናል፥ በቤት የቀረውን ልጅ ግን የቈጠረ አላየንም።

በሌላው ዓለም ነገሩን አስቀድመው ያሰቡበት አሉ። እንግሊዞች በ1803 እ.ኤ.አ. በቼልሲ ለወታደር ልጆችና ለሙት ልጆች አዳሪ ቤት ከፈቱ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህም መንግሥታቸው የወታደር ልጅ ለሚማርበት ትምህርት ቤት በልጁ ቍጥር ልክ የተለየ ገንዘብ ይሰጣል፤ አባቱ በአገልግሎት ላይ የሞተበትም ልጅ ከዚህ አይወጣም። በአሜሪካ ደግሞ ግዛቶቹ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እርስ በርሳቸው ውል እየገቡ፥ ዛሬ 50ዎቹም በውሉ ውስጥ ናቸው። የውሉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ወላጁ ስለ ተዛወረ ከሌላ ግዛት የመጣ የወታደር ልጅ ሙሉ ወረቀቱ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ይመዝገብ፤ በነበረበት ክፍል ይቀመጥ፤ የክትባት ወረቀት ቢጐድለው 30 ቀን ይታገሡት፤ ወላጁ ወደ ዘመቻ ሲሄድ ወይም ሲመለስ ጥቂት ቀን ቢቀር አስተዳዳሪው ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነቅሎ አምጥቶ በእኛ ምድር መትከል አይሆንም። የአሜሪካ ወታደር ቤቱን ይዞ ይዞራልና ልጁም አብሮት ይዞራል፤ አንድ ልጅ ትምህርቱን እስኪጨርስ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ትምህርት ቤት ይለውጣል ይባላል። በእኛም አገር ቀድሞ ጦር ሲነሣ ሚስትና ልጅ ከጓዙ ጋር ይከተሉ ነበር፤ ሕፃንም በበቅሎና በአህያ ላይ ሆኖ ዘመቻ ያየ ነበር። ኋላም በየጦር ሰፈሩ የተወለደና ያደገ ልጅ ነበረ፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ በተበተነ ጊዜ ከሰፈሩ ወጥቶ በየዘመዱ ቤት የተበተነው እርሱ ነው። ዛሬ ግን በሐይቅና በአምባሰል የምናየው ተራ ወታደር ልጁን ይዞ አይዞርም። የሚዞረው አባት ነው፤ ልጁ በእናቱ ወይም በአያቱ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። እንግዲህ ትምህርት ቤት የሚረዳው የሚዞረውን ልጅ ሳይሆን የሚጠብቀውን ልጅ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሚጠብቅ ልጅ ኑሮው እንዴት ያለ ነው? አባቱ ደኅና ሳለ አልፎ አልፎ ይደውላል፤ የሚደወለውም በእናቱ ወይም በአጎቱ እጅ ባለው ስልክ ነው። ደመወዙ በባንክ ይገባል፤ እናቲቱም በውክልና ታወጣለች፤ የውክልናውንም ወረቀት በያመቱ ብዙ ጊዜ እናያለን። ልጁ በክፍል ተቀምጦ ሲጽፍ ልቡ ከስልኩ ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም ይላል። አንድ ወር፥ ሁለት ወር ያልፋል። «መስመር የለም» ይሉታል። በጦርነቱ ጊዜ በብዙ ስፍራ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ስለ ነበር ይህ መልስ ለጊዜው እውነት ነበረ፤ መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ግን ልጁ ሌላ መልስ ይፈልግ ጀመር፥ የሚሰጠውም አላገኘ።

በሕግ ዓይን የዚህ ልጅ አባት አለም አይባል፥ ሞተም አይባል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ154ኛው አንቀጽ፥ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ራሱ ወሬ ያልሰጠ እንደ ሆነ፥ በነገሩ ያገባኛል የሚል ሁሉ መጥፋቱ በፍርድ እንዲነገር ዳኞችን ሊጠይቅ ይችላል ይላል። ይህ ሕግ ለርስትና ለንብረት የተጻፈ ጥበብ ያለበት ሕግ ነው፤ ወሬው የጠፋ ሰው ተመልሶ መጥቶ ቤቱን በሌላ እጅ እንዳያገኘው ይጠብቃል። ሁለት ዓመት ለቤትና ለመሬት ረጅም ጊዜ አይደለም፤ ለሕፃን ግን ከሁለተኛ ክፍል እስከ አራተኛ ክፍል ማለት ነው። ባየናቸው የመመዝገቢያ ወረቀቶችም ላይ ስለ አባት የተተወው ስፍራ «በሕይወት አለ» እና «የለም» የሚል ብቻ ነው፤ «አይታወቅም» የሚል ስፍራ የለውም። አንዳንዷ እናት «አለ» ብላ ትሞላና ለሙት ልጅ የሚሰጠው ደብተርና ልብስ ይቀርባታል፤ አንዳንዷም «የለም» ብላ ለመሙላት እጇ እንቢ ይላታል። በዚያች መስመር ላይ ብዕራቸውን አንሥተው የቆዩ ሴቶችን በችሎት ደጅ አይተናልና ነገሩን ቀላል አናደርገውም።

ስለ ስም ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። በሌላው አገር ሰው በነገዱ ወይም በቤተ ሰቡ ስም ይጠራል፤ እኛ ግን የምንጠራው በገዛ ስማችንና በአባታችን ስም ነው። ስለዚህ አስተማሪው ጧት ጧት ስም በጠራ ቍጥር የዘመተውን ወይም የወደቀውን አባት ስም በክፍሉ ሁሉ ፊት ይጠራል። ብዙ አስተማሪዎች ይህን አላሰቡትም፤ ያሰቡትም አንዳንዶቹ ለልጁ የራሩ መስሏቸው የአባቱን ስም ዘለው የእርሱን ብቻ ይጠራሉ። ይህ ደግነት አይደለም። ልጁ ያን ጊዜ አባቱ ከመዝገብ የተፋቀ መስሎ ይታየዋል፤ ጓደኞቹም ዘወር ብለው ያዩታል። የሁሉም ስም እንደሚጠራ፥ በዚያው ድምፅ፥ ሳይቸኩሉና ሳይጐትቱ የእርሱንም መጥራት ይበቃል።

አሁን ወደ ወረቀት ነገር እንመለስ፤ እኛ ጸሐፊዎች ስለ ሆንን ከሁሉ ይልቅ የምናውቀው እርሱን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የአምባሰል አሮጊት ሁለት የልጃቸውን ልጆች አስከትለው ከወደ ችሎቱ መጡ። የልጆቹ አባት ወታደር ሆኖ ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፍቷል፤ እናታቸውም ቤቱን ለመርዳት ብላ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። ይህ ዓይነቱ ቤት በደቡብ ወሎ አንድና ሁለት እንዳይመስላችሁ። አሮጊቲቱ ልጆቹን ለማስመዝገብ በሄዱ ጊዜ «የሞግዚትነት ወረቀት ካልመጣ አይሆንም» ተባሉ። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም። «ልጄ፥ አላህ ያክብርህ፥ ይህችን ወረቀት ቶሎ ስጠኝና ልጆቹን ላስገባቸው፤ እኔ እንደሁ አያታቸው መሆኔን ድፍን አገር ያውቃል» አሉን። «እናቴ፥ ምስክር ይቈጠራል፥ ቀጠሮም አለው፤ ይታገሡ» ከማለት በቀር በእጃችን ምንም አልነበረም። ምስክር ተሰምቶ ወረቀቱ ሲወጣ ጥቅምት ሊያልቅ ነበር። ትልቁ ልጅ ያን ጊዜ ከአጎቱ ጋር እርሻ ውሎ ገብቷል፤ «በሚመጣው ዓመት እገባለሁ» አለ፤ በሚመጣውም ዓመት አልገባም።

አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፥ ያን ወረቀት ያስጠየቀ ሕግ አለመኖሩን ነው። የቤተ ሰብ ሕጋችን ከወላጆች አንዱ በሞተ ጊዜ በሕይወት ያለው ብቻውን ሞግዚትና አሳዳሪ ይሆናል ይላል፤ ሁለቱም የሌሉ እንደ ሆነም አያቶችን አስቀድሞ ይጠራል። በፍርድ ቤት የታተመ ወረቀት ለጡረታ፥ ለውርስ፥ በባንክ ላለ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ይህም ተገቢ ነው፥ ገንዘብ ባለበት አታላይ አይጠፋምና። ሀ ሁ ለመቍጠር ግን አያስፈልግም። ርእሰ መምህሩ ልጁን ያመጣው ሰው ማን እንደ ሆነ በሁለት ጎረቤት አስመስክሮ በመዝገቡ ቢጽፍ ይበቃዋል፤ ወረቀቱም ከኋላ ይምጣ።

እኛ ፊደል የቈጠርነው በየኔታ ፊት ነው፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ተምረናል። የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ደወልና መዝገብ ነበረው፥ ሰዓት ማክበርንም ያስተማረን እርሱ ነው፤ ውለታውን አንክድም። ስለ አቀባበል ግን የኔታ ይበልጡ ነበር። ከሩቅ አገር ኮርቻውን ሳይሆን አኰፋዳውን ተሸክሞ የመጣ የቆሎ ተማሪ በደጃቸው ሲቆም «ከወዴት መጣህ፥ ከየት ደርሰሃል?» ብለው ይጠይቁታል። ዳዊት ደገምሁ ቢል ዳዊቱን ያስነብቡታል፤ በዚያው ባቆመበት ስፍራ ይቀጽሉለታል። መሸኛ ደብዳቤ አላመጣህም ብለው የመለሱት አላየንም። ወረቀቱ የልጁ አንደበት ነው። በዚሁ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ ራሳቸው በደብረ ዳሞ ተምረው የመጡ እንግዳ ነበሩ፤ ከሸዋ የመጡትን አቡነ ተክለ ሃይማኖትንም በዚያው ተቀብለው አስተምረዋል። በወሎ ከመንደር ወደ መንደር ኪታብ ሊቀራ የሚዞረውም ደረሳ አቀባበሉ ይኸው ነው፤ ሼኹ የት ድረስ እንደ ቀራ ይሰሙታል፥ ራቱን ሰፈሩ ያበላዋል። እንግዲህ ትምህርት ቤቶቻችን የተቃጠለ መዝገብ፥ የተዘረፈ ካርድ ይዘው በጦርነቱ መካከል ካለፉ በኋላ፥ ልጁን አስነብቦና አስቈጥሮ በሚገባው ክፍል ማስቀመጥ ከአሜሪካ የምንማረው አዲስ ጥበብ አይደለም። በቤታችን የነበረ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የመርዶ ነገር ነው። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በጧት መሆኑ፥ የሚነግሩትም ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች መሆናቸው የታወቀ ነው። መርዶው ሳይነገር በፊት ግን ወሬው አስቀድሞ በሰፈሩ ይዞራል፤ ወታደሩ የወደቀበትን ቀን ያየ ጓደኛው ደውሏል፥ ወይም በፈቃድ የመጣ አንድ ባልንጀራ ተናግሯል። ሽማግሌዎቹ አጎት ከሩቅ እስኪመጣ፥ ወይም መከር እስኪገባ፥ ወይም እናቲቱ ከወሊድ እስክትነሣ ይቆያሉ። በዚህ መካከል ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን ልጁ ብቻ ሳያውቅ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አስተማሪው ያውቃል። ልጆቹም ከእናቶቻቸው ሹክሹክታ ሰምተው ያውቃሉ። አንድ ቀን በኳስ ጨዋታ ተጣልተው አንዱ «አባትህ እኮ ሞቷል» ይለዋል። መርዶውን በአቧራ ሜዳ ላይ ከጠላው ልጅ አፍ የሰማ ሕፃን ያን ቃል ይረሳዋል ብሎ የሚያምን ካለ፥ እኛ አናምንም።

አስተማሪ በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ? መርዶ ነጋሪ መሆን የእርሱ ድርሻ አይደለም፤ የዘመድን ስፍራ አይውሰድ። መዋሸትም አይገባውም፤ ልጁ ቢጠይቀው «አባትህ ደኅና ነው» አይበል። የሚችለውና የሚገባው፥ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ሄዶ ለሽማግሌዎቹ «ነገሩ በልጆች አፍ ገብቷልና አታዘግዩት» ብሎ ማስጠንቀቅ ነው። እስኪነገረውም ድረስ በዕረፍት ሰዓት ልጁን ከዓይኑ አያርቀው፤ ጥቍር ሰሌዳ እንዲያብስ፥ ጠመኔ እንዲያመጣ፥ አንዳች ሥራ ይስጠው። መርዶው ከተነገረ በኋላ ልጁ በኀዘን ቤት ቢቆይ ስሙ ከመዝገብ አይሰረዝ፤ በዚያ ሰሞን ያለፈው ፈተና ይደገምለት። አስተማሪዎቹ ተሰብስበው ለቅሶ ቢደርሱ ደግሞ መልካም ነው፤ ልጁ አስተማሪውን በቤቱ ዳስ ተቀምጦ ካየው በኋላ ወደ ክፍል መመለስ አይከብደውም።

ሲመለስም «የጀግና ልጅ አያለቅስም» የሚሉት አሉ። በቅን ልብ እንደሚሉት እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ቃል በስምንት ዓመት ሕፃን ትከሻ ላይ ከባድ ሸክም ነው፤ ወንድ ልጅ በሆነ ጊዜም አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ወደ ጠመንጃ የሚያይ ያደርገዋል። የአባቱ ጀግንነት የአባቱ ነው። ልጁ ማባዛት ይማር።

ከዚህ ጋር አንድ የለመድነው ነገር አለ። በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ሁሉም ተሰልፎ ሳለ «አባት የሌላችሁ ወደ ፊት ውጡ» ተብሎ ሦስት ሦስት ደብተርና አንድ አንድ እስክሪብቶ ይታደላል፤ ሹማምንት ይቆማሉ፥ ፎቶግራፍ አንሺውም ይመጣል። ይህ ጋዜጣ በሥዕል የተጌጠ ስለ ሆነ፥ ይህን ስንጽፍ ሥዕል አንሺያችን ከወዲያ ጠረጴዛ ቀና ብሎ አይቶናል። ደብተሩ ያስፈልጋል፤ የሚሰጡትም ሰዎች ይመስገኑ። ነገር ግን ወደ ፊት የወጣው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ድኻ አደግ ይባላል። ያንኑ ደብተር ከሰዓት በኋላ አስተማሪው ለአያቲቱ በእጃቸው ቢሰጥ ምን ይጐድላል? ሥዕሉ ብቻ ነው የሚጐድለው።

አሁን ከሁሉ የከበደውን እንናገር። በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ አራት ልጆች የወታደር ልጅ መባላቸው አንድ ሲሆን፥ የአባቶቻቸው ሠራዊት ግን አንድ ላይሆን ይችላል። የአንዱ አባት የመከላከያ ወታደር ነው፤ የሁለተኛው በ2015 ዓ.ም. እንዲፈርስ በተወሰነው ልዩ ኃይል ውስጥ የነበረ ነው፤ የሦስተኛው ሚሊሻ ሆኖ በሰፈሩ በር ላይ የወደቀ ነው፤ የአራተኛውም ጫካ ገብቷል የሚባል ነው። የመጀመሪያው ልጅ ደመወዝና የጡረታ ተስፋ አለው። ሚሊሻ ግን ደመወዝተኛ ወታደር አልነበረምና ቤቱ በአብዛኛው በዘመድ እጅ ይወድቃል፤ የአራተኛው እናት ደግሞ ስለ ባሏ መናገርም ትፈራለች። አስተማሪው «አባትህ ለማን ነው የተዋጋው?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ትምህርት ቤቱ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆኑ ይቀራል። ልጁ ጠላት የሌለበት አንድ ስፍራ ያስፈልገዋል፤ ያም ስፍራ ያ ክፍል ካልሆነ ሌላ አናውቅለትም።

ይህ በወሎ አዲስ ነገር አይደለም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት የወሎ ሠራዊት ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ተሰልፎ ድል ሆነ። በዚያን ቀን ከአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋውና ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስሂን የተወለዱት ወይዘሮ መነን፥ አያታቸው በአንደኛው ወገን፥ ባላቸው ራስ ተፈሪ በሌላው ወገን ነበሩ። ድል ለማን ብለው እንደ ጸለዩ ማን ይጠይቃቸዋል? እኒያው ወይዘሮ ኋላ እቴጌ ሆነው ከኢጣልያ ወረራ በፊት በአዲስ አበባ በስማቸው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በደሴም የእናታቸው የወይዘሮ ስሂን ስም ለትምህርት ቤት ተሰጠ። በደሴ በዚያ ትምህርት ቤት ፊደል ከቈጠሩት መካከል አያቶቻቸው በሰገሌ በሁለቱም ወገን የቆሙ እንደሚኖሩ አያጠራጥርም፤ አንዱም ግን በዚያ ምክንያት ከወንበሩ ሲነሣ አልሰማንም።

አንዳንድ ሰዎች ለወታደር ልጆች የተለየ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሠራ ሲሉ እንሰማለን። ይህም ተሞክሯል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት አባቶቻቸው ለወደቁባቸው ልጆች በስምጥ ሸለቆ በአላጌ የሕፃናት አምባ ተሠራ፤ የትግራዩ አምባላጌ እንዳይመስላችሁ። ሌሎችም ከሁለት ሺሕ የሚበልጡ ልጆች ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ ተማሩ። ከነዚህ መካከል ሐኪምና መሐንዲስ የሆኑ አሉ፤ እርስ በርሳቸውም እስከ ዛሬ እንደ ወንድምና እኅት ይፈላለጋሉ። ስለዚህ ሥራው ከንቱ ነበር አንልም። ነገር ግን ልጁ ከአያቱ፥ ከመንደሩ፥ ከአባቱ መሬት ተነቅሎ በመንግሥት እጅ ብቻ ሲያድግ፥ መንግሥቱ ሲለወጥ የሚይዘው ያጣል። በ1983 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው፤ የአላጌው አምባ ቀርቶ ስፍራው የእርሻ ኮሌጅ ሆነ፥ በኩባ ከነበሩትም አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀሩ። አያት ያለው ልጅ ከአያቱ ጋር ይቀመጥ፤ ትምህርት ቤቱ ወደ እርሱ ይቅረብ እንላለን። ማንም ለሌለው ልጅ ግን አዳሪ ቤት ያስፈልገዋል፤ በዚህ አንከራከርም።

በአምባሰል ተራራማ ስፍራ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ ይቅረብ ማለት ሕንፃ ማቅረብ ብቻ አይደለም። አባት በሌለበት ቤት ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው አባወራ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ነው፥ በልግ በዘነበበት ዓመትም በየካቲትና በመጋቢት እርሻ አለ፤ ልጁ በነዚህ ሳምንታት ይጠፋል። አስተማሪው «ሰነፍ» ብሎ ስሙን ከመፋቅ ይልቅ ከቤቱ ጋር ተስማምቶ ግማሽ ቀን እንዲመጣ፥ ወይም በሌላው ፈረቃ እንዲገባ ቢያደርግ ልጁ አይቀርም። ለሴት ልጅ ደግሞ የሚያሠጋው ወር ጥር ነው። እናቲቱ «አባት የላት፥ ማን ይጠብቃታል» ብላ በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመቷ ትድራታለች። ሕጉ አሥራ ስምንት ዓመት ይላል፤ የሕጉ ወረቀት ግን በሰርግ ቤት አይነበብም። የወታደር ልጅ የሆነችውን ተማሪ በታኅሣሥ ወር በቤቷ ሄዶ የሚጠይቅ አስተማሪ ከዳኛ በፊት ይደርሳል። ክስ ሆኖ ወደ እኛ የሚመጣው ሁልጊዜ ድግሱ ከተበላ በኋላ ነው።

በወረዳ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ወንበር የያዛችሁ አንባቢዎቻችን፥ ይህ ሁሉ ታላቅ በጀት የሚጠይቅ እንዳይመስላችሁ። በያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ አስተማሪ ለነዚህ ልጆች ኀላፊ ይሁን፤ የቀበሌውን ሽማግሌዎችና የዕድር ዳኛውን የሚያውቅ፥ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ይሁን። የሚያስፈልገውም አንድ ደብተር ነው። ነሐሴ ሳያልቅ፥ ምዝገባ ሳይጀመር፥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ይጻፍ፤ የልጁ ስም፥ የሚያሳድገው ሰው ማን እንደ ሆነ፥ የቤቱን ስልክ የሚይዘው ማን እንደ ሆነ፥ ልጁ በንባብና በሒሳብ የት እንደ ደረሰ፥ አባቱ ያለ ወይም የሌለ ወይም የማይታወቅ መሆኑ። የአባቱ ሠራዊት የሚል መስመር ግን በደብተሩ ውስጥ አይሰመር። ደብተሩም በቢሮ መደርደሪያ ሳይሆን በዚያ አስተማሪ መሳቢያ ተቈልፎ ይቀመጥ።

ወሬው ለጠፋ ወታደር ቤተ ሰብ ስለ ጡረታና ስለ ደመወዝ የሚቀርበውን አቤቱታ አጻጻፍ ብዙ ሰዎች ጠይቀውናልና፥ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ዓምድ እናቀርበዋለን።